ክንፏን ከላይ አንሺልኝ

ለሰው የሙሽራ ፎቶ፣ የክርስትና ይላካል፤
ለእኔ ዝንብ ይመጣል፣ ስልኬ ራሱ እንደ ዝንብ ጥዝዝ ይላል።
ሽንዲ፣ ከእንስሳት ጤና ኬላ፣ ከቆርቆሮው ሥር በማታ፣
በሁለት ጣት እየለጠጥኩ፣ የዝንብ እንቆቅልሽ ስፈታ።

ከወንበርማ ቆላ፣ ከአባይ አፋፍ ይልካሉ፤
ልኳ እንዲታወቅ ክብሪት፣ ወይ አውራ ጣት ያስጠጋሉ።
ያ ጥፍር ከነጭቃው፣ ያ የክብሪት ቀፎ ጥጉ፣
ከዝንቧ ይልቅ ስለ ሰዉ ብዙ ብዙ የሚያወጉ።

አንዳንዷ ቀላል ናት። ይቺ ቢጫ ቀበቶ የታጠቀች፣
ኑግ አበባ ላይ ቆማ ንብ ነኝ ብላ የተኮፈሰች፣
ክንፏ ሁለት ነው፤ የንብ አራት።
ውሸቷ ማንንም አይነድፍ፣ ተዉአት።

ያቺ ዓይኗ አረንጓዴ፣ በሐምራዊ ጥለት የታጀበ፣
የፈረስ ዝንብ ናት፤ የሚያደንቃት በሬ ያልጠመደ፣ ላም ያላለበ።
ሌላዋን የቤት ዝንብ ብዬ ልሰርዝ ስል፣ ስጠጋ፣
ከአፏ ሥር ጦር አየሁ፣ ቀጥ ብሎ የተዘረጋ።

አንዴ ተሳስቻለሁ። አምና፣ የባያብል በቅሎ ስትታመም፣
ፎቶው በግማሽ ጨልሞ፣ «የተለመደችው ናት» አልኩ፣ ሳልደግም።
በቅሎዋ ለጥምቀት አልደረሰች። እሱ ምንም አላለኝም፤
አሁንም ገበያ ላይ ቆቡን ያነሳልኛል፤ እኔ ቀና አልልም።

ሐሙስ ማታ፣ «ላኪ፦ ይታይሽ አንሙት» የሚል ገባ።
ዝንቧ ጭጋግ፤ ክንፍ ይሁን አቧራ የማያግባባ።
ባሰፋኋት ቁጥር ትሰፋለች እንጂ አትቀርብም፣
ካሬ ካሬ ትሆናለች፣ እንደ ጥልፍ፤ ስም አይወጣላትም።
ስልክ ሞኝ ነው፤ ትልቁን ነው የሚያከብር፣
ያጠራው ከኋላ የቆመውን በሬ ነበር።

ዳልቻ በሬ። ጠጉሩ ቆሞ፣ ዓይኑ ሲያነባ፣ ጎድኑ ሲቆጠር፣
አፍንጫው ሥር ድርቆሽ ተቆልሎ፣ እሱ የሚያየው ሌላ አገር።

ገንዲ ነው፣ አለኝ ልቤ። ልብ ግን ማስረጃ አይሆንም፤
የቆላዋ ዝንብ፣ ይሉናል፣ ከአፋፉ ወጥታ አታውቅም።
ጻፍኩላት፦ «ክንፏን ከላይ አንሺልኝ፤ አትጨፍልቂያት፣
ጥላሽ አይረፍባት፣ ነጭ ወረቀት ላይ አኑሪያት።»

ቆይቶ ቆይቶ፣ እንደ ለማኝ ዳቦ፣ ቁራሽ በቁራሽ ምስሉ ደረሰኝ፤
ከላይ የሒሳብ ደብተር፣ ሰባት ጊዜ ስምንት፣ የላጲስ ብናኝ፣
ከታች እሷ። ክንፍ በክንፍ ላይ እንደ መቀስ ተደርቦ፣
በመሐሉ የክንፉ ሥር፣ ከሥር ጋር ተሳስቦ፣
መጥረቢያ ሠርቷል፤ ከነእጀታው ከነስለቱ።
ዛፍ አይቆርጥ፤ የሚቆርጠው ዓመት ነው፣ ከነእርሻው ከነምርቱ።

«ዝንብ ቢሰበሰብ ጋን አይከፍትም» ይባላል፤
ጋኑ ይቅር፤ በአንዲቷ ብቻ በረት ይዘጋል።

«ምንድን ናት?» ትላለች። እጽፋለሁ፣ እደልዛለሁ።
በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ሲሉ ሰምቻለሁ፤
እኔ ዝም ባልኩ ቁጥር ግን፣ በየበረቱ ትገባለች።

ስሟን ደግሜ አነበብኩ። ይታይሽ። አንሙት።
ለካ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ልጅና አባት የሚሉት።

ጻፍኩ፦ «እሷው ናት። አፋፉን ወጥታለች።
ሰኞ መርፌ ይዤ እወርዳለሁ፤ ሰማያዊ ጨርቅ እናቆማለን፤
ሰማያዊ ትወዳለች፤ በምትወደው እንይዛታለን።»

ስልኬ ዳግም ጥዝዝ አለ። ዝንብ አልነበረም።
አጥር ላይ የተሰጣ የትምህርት ቤት ቀሚስ፣ ሰማያዊ፣
ከክርኑ በቀር ገና ያልገረጣ። ከሥሩም፦
«እትዬ፣ እስከ ሰኞ ይኼ አይሆንም?»